የእትዬ እቴነሽ እጅና የዶቶሬው ቀይ ክር

በጣሊያን ጊዜ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ዶሮ ገዝቶ እትዬ እቴነሽን ሳያስዳስስ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ከእሳቸው ጋር ተኳርፏል። የተኳረፈው ደግሞ ጥቂት አልነበረም።

እትዬ እቴነሽ ዶሮ ነጋዴ ነበሩ። ስማቸውን ያስጠራው ግን ንግዳቸው ሳይሆን እጃቸው ነው። ዶሮዋን ይቀበላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ደረቷን ጫን ያደርጋሉ፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። ይቺ ለእንቁላል ትሁን፣ አትታረድ። ያኛው አውራ አርጅቷል፣ እንጨት ከመጨረስ በቀር ጥቅም የለውም። ይቺኛዋ ደግሞ ጥሬ አይታ አታውቅም፣ ባለቤቷም ጦሟን የምታድር ይመስለኛል። ጠላት ያፈራላቸው ይህ የመጨረሻው ዓይነት ፍርድ ነው። እግዜር ለእጃቸው ዓይን ሰጥቶት ነበር፤ ለአፋቸው ግን በር አልሠራለትም።

እኔ ያወቅኋቸው ካረጁ በኋላ ነው። አቅፈው ሲስሙኝ ሳይቀር ደረቴን በሁለት ጣት ጫን ያደርጉኝ ነበር። ምን እንደ ፈረዱ ነግረውኝ አያውቁም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅሁም። ይህን ታሪክ የሰማሁት ከራሳቸው፣ ከልጃቸው ከአበበችና ከሱቅ ነጋዴው ከየሱፍ ነው። ሦስቱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ የእትዬ እቴነሽን ቃል ትቻለሁ። በእሳቸው አተራረክ እሳቸው ተሳስተው አያውቁም፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ስለ ስሕተት ነው።

ነገሩ የጀመረው ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ነው። አያ ወርቁ የሚባሉ ከጉና ሥር የሚኖሩ ገብስ አራሽ ገበያ ወጡ። ሚስታቸው ጌጤ ታማ ስለ ነበር ዶሮ አንጠልጥለው የመጡት ራሳቸው ናቸው። ወንድ ልጅ፣ ያውም የተከበረ ባላገር፣ ዶሮ ይዞ ገበያ ሲቆም ምን ያህል እንደሚያፍር የአገሬ ሰው ያውቀዋል። አያ ወርቁ ዶሮዋን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ የሰረቋት ይመስል ግራ ቀኝ እያዩ ቆመው ነበር። አንዲት ገዢ መጣችና ገብስማዋን ዶሮ ተቀብላ ለእትዬ እቴነሽ አቀበለች።

እትዬ እቴነሽ ጫን አደረጉ። ዓይናቸውን ገለጡ። እንደገና ጨፍነው ጫን አደረጉ። ከዚያ ከየሱፍ ሱቅ እስከ በቅሎ ማሰሪያው በሚሰማ ድምፅ፣ “ይቺ ዶሮ ደረቷ ላይ እባጭ አለባት” አሉ። እዚህ ላይ ቢያበቁ ምንም አልነበረም፤ እውነት ነውና። እሳቸው ግን ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩበት።

“ይህ የዘር ነው። ከዚህ ቤት ዶሮ የገዛ፣ እባጭ ገዛ።”

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቃሉ በዚያው ቀን ከገበያተኛው ጋር ወደ ጉና ወጣ፤ ዳገቱን ሲወጣም እየወፈረ ሄደ። መንደር በደረሰ ጊዜ ዶሮዋ ተረስታ “የወርቁ ቤት የእባጭ ዘር አለበት” የሚለው ብቻ ቀርቶ ነበር። በእኛ አገር ልጅ ሲታጭ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘር ነው። በሽታ አለበት ወይ፣ ቡዳ አለበት ወይ እየተባለ እስከ ቅድመ አያት ይበረበራል። የአያ ወርቁ ልጅ ሙላቴ ለጋብቻ የደረሰ፣ መልከ መልካም፣ እርፍ ሲጨብጥ በሬው ሳይመታ የሚታዘዝለት ጎልማሳ ነበር። ሁለት ቤት ሽማግሌ ተላከለት፤ ሁለቱም ቤቶች ልጃችን ገና አልደረሰችም አሉ። አንደኛዋ ልጅ በዕድሜ ሙላቴን ትበልጠው ነበር።

ወደ ገበያው ልመለስ። የተናቀችውን ዶሮ የሚገዛ ሰው ተገኘ። ይህ ሰው የጦሩን በቅሎዎች የሚያክም ጣሊያናዊ ነው፤ ሕዝቡ ዶቶሬ ይለዋል። በንግድ ምጽዋ ሲመላለስ ጣሊያንኛ የለመደው የሱፍ እያስተረጎመለት ገበያ ይዞር ነበር። ዶቶሬ እባጭ መባሉን ሲሰማ እየተጋፋ መጣና የዶሮዋን ደረት ዳሰሰ። የሱፍ እንደሚለው ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ሰው ሁሉ እባጭ አለባት ብሎ ዋጋ ይቀንሳል ሲል፣ እሱ እባጭ ስላለባት ሳይከራከር ገዛት። ገበያው ጣሊያን አበደ ብሎ ሳቀ። አያ ወርቁ ግን አልሳቁም። አንዷ አዋረደችኝ፣ ጠላቴ ደግሞ ውርደቴን ገዝቶ ሄደ ብለው ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳገታቸውን ያዙ።

ዶቶሬ በቅሎ የሚያክመው ለእንጀራው ነበር። ልቡ ያለው ከበቅሎዎቹ ጋጣ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በውስጧ ጠርሙስ፣ መርፌ፣ ትንሽ ሙቀጫና እንደ ጧፍ የቆመ ውስጡ ክፍት የሆነ ሸክላ ነበር፤ በደጇ በሽቦ የታጠሩ የዶሮ ቤቶች። እትዬ እቴነሽን እባጭ ያለባት ዶሮ ባገኙ ቁጥር እንዲያመጡለት ስለ ለመናቸው ወደዚያች ክፍል ይገቡ ይወጡ ጀመር። ዓይኑ እያየ በሽተኛ ዶሮ የሚፈልግ ደንበኛ በዕድሜያቸው ገጥሟቸው አያውቅም።

ሥራውን እየቆሙ ያዩት ነበር። ዶቶሬ እባጩን ከዶሮዋ ደረት ይቆርጣል፣ ከደቃቅ አሸዋ ጋር ይወቅጠዋል፣ ጨው ባለበት ውሃ ይበጠብጠዋል፣ ከዚያ በሸክላው ያጠልለዋል። የሸክላው ቀዳዳ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ የሥጋ ብናኝ ቀርቶ የታወቀ የበሽታ ተሕዋስ እንኳ አያልፍበትም። ከታች የሚንጠባጠበው ኩልል ያለ ውሃ ነው። ያንን ውሃ በመርፌ ጤነኛ ዶሮ ደረት ውስጥ ይወጋል። ሳምንታት ሲያልፉ በተወጋው ቦታ ላይ እንደ መጀመሪያው ያለ እባጭ ይበቅላል፤ ቢያንስ እሱ ተስፋ ያደረገው እንዲያ ነበር።

የሱፍ የዶቶሬን ነገር ሲተረጉምላቸው፣ እባጩ ተጥሏል፣ ውሃው ውስጥ ግን ማንም የማያየው የእባጩ ነገር ቀርቷል አላቸው። እትዬ እቴነሽ ጥቂት አሰቡና፣ “እርሾ ነዋ” አሉ። “ከላይ የሚቀዳው ውሃ ንጹሕ ይመስላል፤ አዲሱን ሊጥ ግን ሁሉንም ያስነሳዋል።” የሱፍ እርሾ ምን እንደሆነ ለዶቶሬ ለማስረዳት ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ፈጀ፤ ሱቁም ተዘግቶ ዋለ።

እኔ ኋላ ከአዋቂ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ነገሩ በውጭ አገር ቀደም ብሎ የታወቀ ነበር፤ ዶቶሬ በእኛ ዶሮዎች ላይ ራሱ ሊያየው ነበር የፈለገው። ውሃው ውስጥ ያለፈው ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው። የዶሮ ሥጋ በጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው፤ ጤነኛ ሕዋስ ሲያስፈልግ ይከፈላል፣ ቁስሉ ሲሞላ ደግሞ በቃኝ ብሎ ይቆማል። ይህ ቫይረስ ወደ ሕዋሱ ይገባና የራሱን ትእዛዝ ከሕዋሱ ትእዛዝ ጋር ይቀላቅለዋል። ከዚያ ወዲያ ሕዋሱ በቃኝ ማለትን ይረሳል። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህንኑ በብርጭቆ ሳሕን ላይ ያዩታል። ጤነኞቹ ሕዋሳት ሳሕኑ ላይ ጎን ለጎን ይሰፍራሉ፣ ጎረቤት ሲነኩ ያቆማሉ። ቫይረስ የገባባቸው ግን ጎረቤት አያውቁም፣ የጥምቀት ዕለት ጠበል እንደሚሻማ ሰው አንዱ በሌላው ላይ ይወጣል። አዋቂው ይህን ሲነግረኝ እኔ የእትዬ እቴነሽን አፍ ነበር የማስበው።

መጀመሪያ ግን ውሃው አልሠራም። ከገበያ የተለቃቀሙ ዶሮዎች ተወጉ፣ ምንም ሳይሆኑ የጦሩን ስንዴ እየበሉ ወፈሩ። ዶቶሬ ብዙ ከተጨነቀ በኋላ፣ ውሃው የሚይዘው የታመመችው ዶሮ የቅርብ ዘመዶች ላይ መሆን አለበት አለ። ስለዚህ የገብስማዋን እኅትማማቾች፣ ካልተገኘም የእኅት ልጆች ፈልጉልኝ አለ። እትዬ እቴነሽ ይህን ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እኛ ሰባት ቤት የምንቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይገናኝ ነው፣ ይህ ሰው የሚቆጥረው እንዲገናኝለት ነው አሉ። ሳቃቸው የቆመው የዶሮዋ ዘመዶች የት እንዳሉ ሲያስታውሱ ነው። ያሉት አያ ወርቁ ቤት ነው።

እትዬ እቴነሽ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ፤ ከአንድ ልጃቸው ከአበበች በቀር ማንም የላቸውም። ቅርጫቱን እንድትይዝላቸው እሷን አስከትለው ወደ ጉና ወጡ። አያ ወርቁ ገብስማ ዶሮዎቻቸውን ለማስያዝ አላንገራገሩም። ይህን ጉድ ከቤቴ አውጡልኝ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እትዬ እቴነሽ እያንዳንዷን ዶሮ ዓይናቸውን ጨፍነው ዳሰሱ፤ ሁሉም ጤነኞች መሆናቸውን ከራሳቸው አፍ ተናገሩ። አያ ወርቁ ይህን ሰምተው ዘወር አሉ፤ ሌላ የሚጨምሩ መስሏቸው ጠበቁ። እትዬ እቴነሽ ግን ምንም አልጨመሩም። ለክፉ ነገር ሲሆን የማይዘጋው አፍ ለደግ ነገር ሲሆን ተዘጋ።

ቅርጫቱ ስለ ከበደ ሙላቴ ተሸክሞ ሊያደርሳቸው ወረደ። አበበች ከጎኑ ሄደች። እናቲቱ ኋላ ኋላ ስለ ዶሮ እያወሩ ይከተላሉ፣ የሚሰማቸው ግን አልነበረም። ከጉና እስከ ደብረ ታቦር መንገዱ ረጅም ነው። ለሁለቱ ልጆች ግን አጠረባቸው፤ ሙላቴም በየገበያው ቀን ዶቶሬ ዶሮዎቹን ምን እንዳደረጋቸው ልጠይቅ እያለ መመላለስ ጀመረ። ስለ ዶሮ ጤና እንዲህ የሚጨነቅ አራሽ ታይቶ አይታወቅም።

የተወጉት የአያ ወርቁ ዶሮዎች እባጭ አበቀሉ። ዶቶሬ ደስ ብሎት በቅሎዎቹን ሳይቀር ሳመ ይባላል። እትዬ እቴነሽም ደስ አላቸው፤ ዘሩ ነው ብዬ አልነበረም ወይ አሉ። የሱፍ እባጩ የመጣው ከመርፌው መሆኑን፣ ንጹሕ የጨው ውሃ የተወጉት እኅቶቻቸው ደህና መሆናቸውን ሊያስረዳ ሞከረ። ሰው የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። እርሾውን በአንድ አፍታ የተረዱት እትዬ እቴነሽ ይህን ለመረዳት ጆሯቸው ደነቆረ።

ሙላቴ በዚያ ዓመት ማለቂያ አበበችን ለማግባት ፈለገ። አያ ወርቁ ልጃቸው የማንን ልጅ እንደወደደ ሲሰሙ ሌላ ፈልግ ብለው ተቆጡ ይባላል። በመጨረሻ ግን ልጃቸውን ስለሚወዱ ሽማግሌ ላኩ፤ ከሽማግሌዎቹም ጋር አንድ ቃል አብረው ላኩ። በገበያ የተጣለብኝ ነገር በገበያ ይነሣልኝ። እትዬ እቴነሽ ቆመው፣ በዚያች ቦታ፣ በዚያው ድምፅ፣ የወርቁ ቤት ዘር ንጹሕ ነው ይበሉልኝ። ይህ ካልሆነ ጋብቻ የለም።

እትዬ እቴነሽ እንቢ አሉ። እጄ የዳሰሰውን አፌ አይክድም፣ ዶሮዋ እባጭ ነበረባት አሉ። ሽማግሌዎቹ እባጩን ማን ካደ፣ የዘር ነው የሚለውን ብቻ ይተዉ አሉ። እሳቸውም አንዴ ተሳሳትኩ ያልኩ እንደሆነ ነገ ማን ዶሮ ያስዳስሰኛል ብለው መለሱ። በዚያች መልስ ውስጥ ፍርሃት ነበረ። ዳኝነታቸው እንጀራቸው ብቻ አልነበረም፤ ባላቸው ከሞተ ወዲያ ሰው እትዬ የሚላቸው በእጃቸው ነው።

አበበች አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። በማግሥቱ ጠዋት ተነሥታ እናቷን “እንዴት አደሩ?” አለቻቸው። በሕይወቷ ሙሉ አንቺ ስትላቸው የኖረች ልጅ እንደ ሩቅ ሰው አንቱ አለቻቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተለመደ አክብሮት በዚያ ቤት ሰፈነ። እትዬ እቴነሽ ኋላ ለእኔ ሲነግሩኝ፣ አንቱ ከምትለኝ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር አሉ።

ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው አንድ ነገር አስማሙ። አያ ወርቁ ለመጨረሻ ጊዜ በፋሲካ ማግሥት መጥተው ከእትዬ እቴነሽ ቤት ይበላሉ፤ በዚያ ቀን ነገሩ ወይ ያልቃል ወይ ይቀራል። እትዬ እቴነሽ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ቃላቸውን ሳያነሡ በዶሮ ወጥ ሊያባብሏቸው። ዶሮ በአሥራ ሁለት ብልት ይወጣል፤ ከብልቶቹ ሁሉ የሚከበረው ከደረቷ የሚወጣው ፈረሰኛ ነው፣ ለቤቱ ጌታ ወይም ለክብር እንግዳ ይቀርባል። እንደ ክንድ የወፈረ ፈረሰኛ ፊቱ የተቀመጠለት ሰው ቂም ይዞ አይነሣም ብለው አሰቡ።

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ በዚያ ጾም ፈንግል ገባ። ከሐሙሲት እስከ ጋፋት የዶሮ ዘር አለቀ። ከሞት የተረፈውን ጦሩ ወሰደው። ዶሮ ነጋዴዋ እትዬ እቴነሽ ለፋሲካ አንዲት ዶሮ አጡ። በከተማው ውስጥ ዶሮ የሚጮኸው በዶቶሬ የሽቦ አጥር ውስጥ ብቻ ነበር፤ እሱ ፈንግል እንዳይገባበት ሰውንም ወፍንም አያስጠጋም ነበርና። እትዬ እቴነሽ ሄደው ለመኑት። ዶቶሬ ውለታቸውን ያውቃልና እሺ አለ፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዘው እንዲሄዱ የሱፍ ነገራቸው።

“ክር የሌለባትን ይውሰዱ፣ እትዬ” አላቸው። “ቀይ ክር እግሯ ላይ ያለባትን አይንኩ።”

የሱፍ ይህን ብሎ ደንበኛ ስለ ጠራው ወደ ሱቁ ሮጠ። ታሪኩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ገበያ ዶሮ ለይቶ ዋጋ የቆረጠ ሰው፣ ሌላ ጉዳዩን ጨርሶ እስኪመለስ ከሸማው ወይ ከነጠላው ክር መዝዞ እግሯ ላይ ያስራል። ክር ያለባት ማለት ተመርጣለች፣ ባለቤት አላት ማለት ነው። እትዬ እቴነሽ አጥሩ ውስጥ ገብተው ገሚሶቹ ዶሮዎች ክር እንዳለባቸው ሲያዩ ደማቸው ፈላ። ምርጥ ምርጡን ለሹማምንቱ ገበታ አስረው ግርዱን ለእኔ! እኔ በእግሬ ጉና ወጥቼ ያመጣኋቸውን!

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክር የሌለባቸውን ዳሰሱ፤ ደህና ናቸው፣ ነገር ግን መካከለኛ። ክር ካለባቸው አንዷን ዳሰሱ። ደረቷ ግራና ቀኝ ሙሉ፣ ጠንከር ያለ፣ ጣት የሚመልስ። ዓመት ሙሉ የከሳ ዶሮ ሲዳስስ የኖረ እጅ ተታለለ፤ ስንዴ የበላች ዶሮ እንዲህ ናት አለ። እጅ ብቻውን አልተሳሳተም፣ ቁጣም አግዞታል። ክሩን በጥሰው ጣሉትና ዶሮዋን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። አያ ወርቁ እንዳደረጉት ግራ ቀኝ እያዩ ወጡ።

በፋሲካ ማግሥት አያ ወርቁ ሙክት አስጎትተው ከልጃቸው ጋር መጡ፤ ከተባለው ሰዓት ቀድመው። ጎረቤታቸው አለሙ ዶሮዋን ገና ማረዱ ነበር። ቁሌቱ በስሎ፣ እንቁላሉ ተልጦ፣ የቀረው ዶሮዋ ብቻ ነበረች። አያ ወርቁ መደብ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና፣ ከመብላቴ በፊት መልሴን እፈልጋለሁ አሉ። እትዬ እቴነሽ ሰው በባዶ ሆዱ አይፈርድም ብለው ወደ ማድ ቤት ሸሹ።

ክንፉን አወጡ፣ ጭኑን አወጡ። ፈረሰኛው ጋ ሲደርሱ ቢላዋው ቆመ። ቆዳው ሲገለጥ ከውስጥ ነጣ ያለ፣ ጠጣር፣ ቅርጽ የሌለው እባጭ ደረቷን ሞልቶት ነበር። እትዬ እቴነሽ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዶሮ በዓይናቸው ተመለከቱ።

በዚህ መሐል የሱፍ በጓሮ በኩል እያለከለከ መጣ፤ ዶቶሬም ኋላው ቆሟል። ዶሮዎቹን ቆጥሮ ክር ያለባት አንድ መጉደሏን፣ የተበጠሰውንም ክር መሬት ላይ አግኝቶ ነበር። የሱፍ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ክር ማለት በውሃው የተወጋች ማለት መሆኑን ነገራቸው።

“ደረቷን ብቻ ነው የሚፈልገው” አላቸው። “እዚሁ ይስጡኝ፣ እንሄዳለን። ማንም አይሰማም።”

“ክር የሌለባቸውስ?” አሉ እትዬ እቴነሽ። “እኅቶቿስ?”

“አንዳቸውም ምንም የላቸውም። ከአያ ወርቁ ቤት እንደመጡ ናቸው። ዘር ቢሆን ሁሉንም ነበር የሚይዝ፣ ስንቴ ልንገርዎት።”

እትዬ እቴነሽ ቢላዋውን ይዘው ቆሙ። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እባጩን ለየሱፍ ቢሰጡት እጃቸው እንደተከበረ ይቀራል፤ አበበች ግን አንቱ እንዳለቻቸው ትቀራለች። አበበች በበሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። እናቷን ብቻ ታያለች። እትዬ እቴነሽ ዶሮዋን ከነትሪዋ አነሡና የሱፍንና ዶቶሬን ተከተሉኝ ብለው ወደ ቤት ገቡ።

አያ ወርቁ ጣሊያኑን ሲያዩ በትራቸውን ይዘው ተነሡ። እትዬ እቴነሽ ትሪዋን ፊታቸው አስቀመጡ።

“ይቀመጡ አያ ወርቁ። ዛሬ የሚያስቆጣዎት እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። ይቺ የእርስዎ ዶሮ ናት። ጤነኛ ሆና መጣች፣ በመርፌ ታመመች፣ እኔ እባጯን ስብ ነው ብዬ ለእርስዎ መረጥኳት።”

አያ ወርቁ ትሪዋን አዩ፣ ዶቶሬን አዩ። ከዚያ የሱፍን፣ ይህ ሰው የእኔ ዶሮዎች ንጹሕ ነበሩ ይላል ወይ ብለው ጠየቁ። ዶቶሬ ስለ ሥራው የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት እጁን እያወናጨፈ፣ በጣቱ አየር ላይ ሸክላ እየሣለ ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ የሱፍ፣ “ንጹሕ ነበሩ ይላል” አለ።

“ይህን ሁሉ ተናግሮ?”

“የቀረው ስለ ሸክላው ነው።”

አያ ወርቁ ቀስ ብለው ተቀመጡ። “እንግዲህ ጠላቴ መሰከረልኝ” አሉ። “የሚቀረው የልጄ አማት ነው።”

በገበያ እናገራለሁ አሉ እትዬ እቴነሽ። ዶቶሬ ፈረሰኛውን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ታቦት አቅፎት ሄደ። የቀረችውን ዶሮ ማንም አልነካትም፣ ተቀበረች። ያን ቀን በዚያ ቤት ዶሮ የሌለበት ዶሮ ወጥ በእንቁላል ተበላ፤ አያ ወርቁም ራሳቸው ባመጡት ሙክት ተስተናገዱ።

የገበያው ቀን ደረሰ። እትዬ እቴነሽ በዚያችው ቦታ ቆሙ፤ ድምፃቸውም ያው ነበር። “ስሙኝ” አሉ። “የአያ ወርቁ ቤት ዘር ንጹሕ ነው፤ የዶሮውም የሰውም። ያን ጊዜ እጄ ልክ ነበር፣ አፌ ተሳሳተ። በፋሲካ ደግሞ አፌ ዝም ባለበት እጄ ተሳሳተ። ሁለቱም የእኔ ናቸው፣ ሌላ የምወቅሰው የለኝም።” ገበያው ለወራት የሚበቃውን ያህል ሳቀባቸው። ቤት ሲደርሱ አበበች እግራቸውን ልታጥብ ውሃ አሙቃ ነበር። “ደከመሽ?” አለቻቸው። እትዬ እቴነሽ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።

ሠርጉ ክረምት ሳይገባ ሆነ። ዶቶሬ ክር ያለባቸውን ዶሮዎች አቃጥሎ፣ ክር የሌለባቸውን ለሙሽሮቹ ሰጠ፤ በሠርጉ ዳስ የቀረቡት እነሱው ናቸው። አያ ወርቁ ለእሳቸው የመጣውን ፈረሰኛ አልነኩም። ለልጄ አማት ስጡልኝ አሉ። ፈረሰኛው እትዬ እቴነሽ ፊት ሲቀመጥ ዳሱ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውም ከልማድ የተነሣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በሁለት ጣት ጫን አደረጉት፣ ደግመው ጫን አደረጉት። ከዚያ እስከ ደጅ በሚሰማ ድምፅ፣ “ጤነኛ ነው” ብለው ጎረሱ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ወርቁ ግን አልሳቁም። ያን ቃል ሁለት ዓመት ጠብቀውታልና፣ ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ ሳብ አደረጉት።